አምስት ሙከራ፣ አንድ አብሲት

ባለፈው የላክሁትን የምግብ ፎቶ አይታችሁ «የዶሮ ወጥ እንቁላል ነው?» ያላችሁኝ አላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ነጭ፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። ግን እንቁላል አይደለም። ባኝ ኢት ትራን ይባላል። ቬትናሞች ከሚያጣብቅ ሩዝ ዱቄት የሚሠሩት፣ ሆዱ ውስጥ የማሾ ክክና ሥጋ የገባበት ድቡልቡል ነው። «ትራን» ማለት ራቁት ነው። ሌላው ባኝ ኢት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀርባል፤ ይሄኛው ልብሱን አውልቆ ሳህን ላይ ይወጣል።

ከሱ ጋር መታገል ከጀመርኩ ሦስት ወር አልፎኛል። የደረስኩበትን ልንገራችሁ። በተለይ ሊጥ እየተሰነጠቀበት የተማረረ ሰው ካለ ይጠቅመዋል።

ነገሩ የመጣው በሳህን ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት ከቬትናም፣ ከሳይጎን የመጡ አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸውን አውቃለሁ፤ ግን ጠርቼው አላውቅም፣ «እማማ» ነው የምላቸው። እሳቸውም «ኮን» ይሉኛል፤ ልጄ እንደማለት ነው። የቀረውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንግባባለን። ለበዓል ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ላከችላቸው። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም። ስድስት ድቡልቡል ተደርድሮበት መጣ። ገና ሳልጠይቅ ጣታቸውን እያወዛወዙ «አሳማ የለም፣ ዶሮ፣ ዶሮ» አሉኝ። ሐበሻ የሞላበት ሕንፃ ውስጥ ስለሚኖሩ ጠባያችንን አውቀውታል።

ለነገሩ ዋናው አሠራር በአሳማ ሥጋና በሽሪምፕ ነው። ላዩ ላይም ደረቅ ሽሪምፕ ተወቅጦ ይነሰነስበታል። ሁለቱም ቤታችን ስለማይገቡ የኔ ሁሉ በዶሮ ነው። ጣዕሙ አንድ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ቀምሼው ስለማላውቅ አላወዳድርም።

ዕቃ ልገዛ ኤደን ሴንተር ሄድኩ። በአካባቢያችን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ፎልስ ቸርች ያለው ትልቁ የቬትናሞች ገበያ ነው። ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለው የቀድሞዋ ደቡብ ቬትናም ባንዲራ ከአሜሪካው ጎን ይውለበለባል። በፈረንጆቹ 1975 ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ስደተኞች መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱት አርሊንግተን፣ ክላረንደን ውስጥ ነበር። ሜትሮው (የከተማው ባቡር) ሠፈሩ ሲደርስ ኪራዩም አብሮ ወጣ፤ ነጋዴዎቹም ወደዚህ ዞሩ። ኤደን ሴንተር የተከፈተው በ1984 ነው። ከዋሽንግተኑ አዳምስ ሞርጋን ሠፈር በኪራይ ተገፍቶ የወጣ ሐበሻ ይሄን ታሪክ ሲሰማ ብዙ አይገረምም።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለቀው እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ሥር ነው፤ እኔ ግን ያወቅሁት ማታ ነው። ባለ ሦስት ራስ ዝሆን ምልክት ያለውን የታይላንድ ዱቄት፣ ኤራዋንን፣ አነሣሁ። ቀዩን። ቀዩ ጽሑፍ ተራ የሩዝ ዱቄት ነው። የሚያጣብቀው አረንጓዴው ነው። ዝሆኑ ያው፣ ከረጢቱ ያው፣ ቀለሙ ብቻ ይለያል። ባቦካው ባቦካው እንደ እርጥብ አሸዋ እጄ ላይ ይፈረፈራል። ባለቤቴ አልፋ ስትሄድ «በሶ ነው?» አለችኝ።

ልዩነቱ ስታርቹ (ሲበስል የሚወፍረው የእህሉ ክፍል) ውስጥ ነው። ተራ ሩዝ አሚሎስና አሚሎፔክቲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ስታርቾች አሉት። በሚያጣብቀው ሩዝ ውስጥ አሚሎስ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሲበስል እህል እህሉ አይለያይም፤ ተያይዞ ይሳባል። የእንግሊዝኛ ስሙ፣ «ግሉቲነስ»፣ ግሉተን (የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ፕሮቲን) ያለው ያስመስለዋል እንጂ የለውም። እንደ ጤፍ ማለት ነው። ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሙከራ በትክክለኛው ዱቄት ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ አቦካሁት፤ ሊጡ መጣ፣ ደስ አለኝ። ዶሮውን ግን ከነመረቁ ጨመርኩበት። እያንዳንዱ ድቡልቡል ከሥሩ ላብ ላብ ይለዋል። የፈላ ውኃ ውስጥ ስጥላቸው አንድ በአንድ ሆዳቸው ተከፈተ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድስቱ አጥሚት ሆነ። ማሾውም፣ ዶሮውም፣ ሩዙም አንድ ላይ። በላነው፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ጨምረን በማንኪያ በላነው፤ መጥፎ አልነበረም።

በሦስተኛው ሙሊቱን (ሆዱ ውስጥ የሚገባውን) አደረቅሁት፣ ሊጡን በሙቅ ውኃ አቦካሁት። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ዳኑ። አምስቱ ገና እጄ ላይ ሳሉ ጫፋቸው ይተረተራል፤ በዚህ ስደፍነው በዚያ ይከፈታል። ከዳኑት ሁለቱን ልጥበስ ብዬ ዘይት ውስጥ ከተትኩ። ይሄን ማንም እንዳይሞክር። ውስጡ የታፈነው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ድቡልቡሉ ይፈነዳል። አንደኛው ከነዘይቱ ምድጃው ላይ ተረጨ፤ ክንዴ ላይ እስካሁን ትንሽ ምልክት አለ። የቬትናሟ ሁዌ ከተማ ሰዎች የተጠበሰና የተቀቀለ ባንድ ላይ ያቀርባሉ፤ ባኝ ራም ኢት ይባላል። ግን የሚጠብሱት ከሥር የሚነጠፈውን ጠፍጣፋ ሊጥ ብቻ ነው፤ ድቡልቡሉን በእንፋሎት አብስለው ላዩ ላይ ያስቀምጡታል። ይሄን ያነበብኩት ክንዴን ከተቃጠልኩ በኋላ ነው።

አራተኛው ላይ ተሸንፌ እማማን በር አንኳኳሁ። ሊጤን በሳህን ይዤ ነው የገባሁት። በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ተሰነጠቀ። «ህም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከሊጡ የእንቁላል ያህል ቆረሱ፣ በመዳፋቸው መሃል እንደ ብስኩት ጠፍጠፍ አደረጉት፣ የሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ሰመጠ። ቆመን ጠበቅን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተንሳፈፈ፤ መልኩ ከነጭ ወደ ብርጭቆ ሄዷል። በጭልፋ አወጡትና ውኃው እየተንጠባጠበ ጥሬው ሊጥ ላይ ጣል አደረጉት። በቃ ተበላሸ አልኩ። ዝልግልግ ያለ ነገር ነው፣ ከዱቄቱ ጋር አልዋሐድም ብሎ ይንሸራተታል። እሳቸው እጃቸውን እያራገቡ፣ እየተቃጠሉ አሹት። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ሊጡ ሌላ ሊጥ ሆነ። አንዱን ጫፍ ይዤ ብስበው አይበጠስም፤ ቀስ ብሎ ይረዝማል። ላዩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

«አብሲት!» አልኩ ጮክ ብዬ። እማማ ደነገጡ።

አብሲት እኮ ነው። ከቦካው ሊጥ ቀንሰሽ በውኃ አፍልተሽ፣ ገንፎ ሲመስል አብርደሽ መልሰሽ ትጥይበታለሽ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የሚያያይዘው የበሰለው ስታርች ነው። ያለ አብሲት የተጋገረ እንጀራ ዓይኑ አያምርም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የሚያጣብቀውም ሩዝ ግሉተን የለውም። ጥሬው ዱቄት ውኃ ቢነካውም ዱቄት ነው፤ ትንሽ በስሎ ሲመለስበት ሙጫ ያገኛል። ልጅ ሆኜ እናቴ አብሲት ስትጥል ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ግን እንጀራ ብቻ የሚያውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር። ማታውኑ ደብረ ብርሃን ደወልኩላት። በሙሉ ስሜት አስረዳኋት። ጨርሼ ዝም ስል፣ «እና ምን ይገርማል? አብሲት የሌለው ምን ይያዛል ብለህ ነው?» አለችኝ። ከዚያ የስልክ ካርዱ እንዳይቆጥርብኝ ተጨንቃ ዘጋችው። በዋትስአፕ ነው የደወልኩት፤ ነግሬያታለሁ፣ አታምንም።

አሁን የምጠቀምበት ልክ እንዲህ ነው። 300 ግራም አረንጓዴውን ዱቄት በትንሽ ጨው እቀላቅላለሁ። 250 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ አዘጋጅቼ ጥቂት በጥቂት አፈስሳለሁ፤ ሁሌ ሁሉም አይገባም፣ አብሲቱ ራሱ ውኃ ይዞ ነው የሚመጣው። 40 ግራም ያህል ለአብሲት እቀንሳለሁ። ከታሸ በኋላ እርጥብ ፎጣ አልብሼ ግማሽ ሰዓት አሳርፈዋለሁ። 30 ግራም፣ 30 ግራም እያደረግሁ ስቆርስ አሥራ ስምንት ይወጣል። ሚዛን የሌላችሁ በዓይናችሁ ብትሠሩም ችግር የለም፤ እኔ በዓይኔ ስሠራ የመጀመሪያው ብርቱካን፣ የመጨረሻው ሽምብራ እያከለ አስቸግሮኝ ነው።

ሙሊቱ ላይ የኛ ሰው አይቸገርም። ማሾ የሰሜን ሸዋና የደቡብ ወሎ ቆላ እህል ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ቆዳው ተገፎ የተከካው፣ ቢጫው ነው። 150 ግራም ለአራት ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ በእንፋሎት ለ20 ደቂቃ ይበስላል፣ ትኩስ ሳለ ይደፈጠጣል። የዶሮ ጭን 150 ግራም በደቃቁ ከትፌ፣ ከቀይ ሽንኩርትና «የዛፍ ጆሮ» ከሚባለው ጥቁር ደረቅ እንጉዳይ ጋር አቁላላዋለሁ። እንጉዳዩ ቀድሞ ይዘፈዘፋል፤ ጣዕም የለውም ቢባል ይቀላል፣ የሚገባው ጥርስ ሥር ቅርጭጭ እንዲል ነው። የዓሣ ሶስ አንድ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ ሳትሰስቱ። መረቁ ሙልጭ ብሎ እስኪደርቅ እሳቱ ላይ ይቆይ። ከማሾው ጋር ይለወስና ይቀዝቅዝ። ከዚያ ሙሊቱን ራሱን ቀድማችሁ አድበልብሉት፤ ኳስ የሆነ ሙሊት በሊጥ ማልበስ፣ የተበተነ ሙሊት በማንኪያ ከመክተት በብዙ ይቀላል። ይሄን የነገረኝ የለም፣ በራሴ የደረስኩበት ብቸኛ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልኩራበት።

ውኃው ይፍላ እንጂ አይናወጥ። ድቡልቡሉ ይሰምጣል፤ እንዳይጣበቅ አንዴ በማማሰያ ጀርባ ገፋ ማድረግ ነው። ሲንሳፈፍ ሦስት ደቂቃ ጨምሩለት። አውጥታችሁ ለአፍታ ቀዝቃዛ ውኃ አስነክታችሁ ቀጥታ ዘይቱን ቀቡት። ዘይቱ ቀድሞ ግሎ የሽንኩርት ቅጠል የተከተፈበት ነው፤ ለመቀባት እንጂ ለመጥበስ አይደለም፤ ጣዕሙ ግማሹ እሱ ነው፣ ከመጣበቅም ያድነዋል። ሙዝ ቅጠል በረዶ ሆኖ ይሸጣል። ከሥር ቁራጭ ብታነጥፉበት እንደ ድፎ ኮባ ሽታው ይገባበታል።

ማጥቀሻው ኑክ ቻም ነው፦ አንድ እጅ የዓሣ ሶስ፣ አንድ እጅ ስኳር፣ አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ፣ አራት እጅ ለብ ያለ ውኃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ። የዓሣ ሶስ ጠርሙሱ ሲከፈት ያስደነግጣል። ታገሡት፤ ሎሚው ሲገባ ይገራል።

አምስተኛው ሙከራ የጾም ነበር። ቬትናሞችም ሥጋ የሌለበትን «ቻይ» ይሉታል። ቡድሂስቶቹ ብዙዎቹ በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ቻይ ይበላሉ፤ ስለዚህ ማሾና እንጉዳይ ብቻ ያለው አሠራር እኛ የፈጠርነው አይደለም። በዶሮው ፋንታ እንጉዳዩን እጥፍ አደረግሁ፣ በዓሣ ሶሱ ፋንታ አኩሪ አተር ሶስ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ዛሬ አናንሳው፤ ባለፈው አንስተነው ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ካደረ በማግስቱ ድንጋይ ነው፣ መልሶ በእንፋሎት ካልሆነ አይለሰልስም። ጥሬውን ትሪ ላይ አራርቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጋችሁ በላስቲክ ብታስቀምጡት ከነበረዶው ይቀቀላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ይጨምራል።

ቅዳሜ በእማማ ሳህን ስምንት ደርድሬ ወሰድኩላቸው። አንዱን አነሡ፣ በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት፣ ገመጡት። ጎኑን ወደ መስኮቱ አዙረው የሊጡን ውፍረት አዩ። «ወፍራም» አሉኝ፤ ሁለተኛውን እያነሡ። በሚቀጥለው 25 ግራም አደርገዋለሁ።