ሳንሴር፦ ነጭ ወይንና የፍየል አይብ

ከፓሪስ ቤርሲ ጣቢያ እስከ ኮን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ሳንሴር ታክሲ ያዝኩ። ከተማዋ ሎዋር ወንዝን ቁልቁል የምታይ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። ማደሪያዬ ከደወሉ አጠገብ ስለነበር ሌሊቱን አልተኛሁም።

በማግስቱ የገባሁበት መቅመሻ ቤት ለሦስት ብርጭቆ 9 ዩሮ ተቀበለኝ። ገንዘቡ አላናደደኝም፤ ያናደደኝ ወይኑ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው መቀዳቱ ነው። ብርጭቆው ጤዛ ለብሶ፣ ሽታ የሚባል ነገር አልነበረውም። ወይን በጣም ሲቀዘቅዝ መዓዛው አይተንም፤ ምላስ የሚያገኘው ኮምጣጣነቱን ብቻ ይሆናል። የብርጭቆውን ሆድ በሁለት መዳፌ ይዤ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ከዚያ የግሬፕፍሩትና የታጨደ ሣር ሽታ ብቅ አለ፤ የሳንሴር ነጭ የሚጠመቅበት የሶቪኞ ብላ የወይን ፍሬ ዘር መለያው ይህ ነው። ለሳንሴር ነጭ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይስማማዋል። ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ 20 ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው። ሞቆ ከተገኘ ደግሞ በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ ይነከር፤ በረዶው ብቻውን ከሆነ በመሃሉ አየር ስለሚኖር ቶሎ አያቀዘቅዝም።

እዚህ የዘሩ ስም ሳይሆን የአፈሩ ስም ነው የሚወራው። ካዮት የሚሉት የኖራ ጠጠር ቀለል ያለና ቶሎ የሚጠጣ ወይን ይሰጣል። ቴር ብላንሽ ሸክላና ኖራ የተቀላቀለበት፣ ጥቃቅን የኦይስተር (የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል) ቅሪቶች የሚገኙበት መሬት ነው፤ ወይኑ ወፍራም ስለሆነ መቆየት ይፈልጋል። የሲሌክስ፣ ማለትም የባልጩት መሬት፣ ወይን ደግሞ እርስ በርሱ የተፋጨ ድንጋይ ጭስ ይሸታል። እኔ ከቀላሉ ወደ ወፍራሙ ቀመስኩ። ብርጭቆውን እስከ ሲሶው መቅዳት፣ ማዞር፣ ማሽተት፣ ትንሽ ጎንጨት ብሎ አየር ሳብ ማድረግ፣ ከዚያ መትፋት። የማይተፋ ሰው አራተኛው ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠፋበታል።

ሻቪኞል መንደር በእግር ቅርብ ናት፤ ክሮተን የሚባለው የፍየል አይብ አገር ናት። አይብ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ሦስት የተለያየ ዕድሜ ያለውን አሰልፈው አስቀመሱኝ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ። ለስላሳና ጨው አልባ አይብ ለለመደው ምላሴ ይህ ሌላ ዓለም ነው፤ ለመብሰል ቢያንስ 10 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ እየደረቀ ይከርራል። «መጀመሪያ አይቡን ይቅመሱ፣ ወይኑን ቀጥለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአይቡ ጨው የወይኑን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል፣ ወይኑ ደግሞ ላንቃ ላይ የተለጠፈውን ስብ ጠርጎ ይወስዳል። ለወጣቱ አይብ የካዮቱ፣ ለደረቁ የቴር ብላንሹ ተስማማኝ። ቀይ ወይን ብሞክር ታኒኑ፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው የወይን ልጣጭ ንጥረ ነገር፣ መረረኝ።

ምሳ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። ትኩስ አይብ የተጣለበት ሰላጣ በኮምጣጤ ተጥለቅልቆ መጣ። ምግቡ ከወይኑ በላይ ሲኮመጥጥ ወይኑ ውኃ ውኃ ይላል፤ ጥቂት ሎሚ ከዘይት ጋር ይበቃ ነበር። ማር የተቀባውን አይብም ገፋሁት፤ ጣፋጭ ምግብ ደረቅ ነጭን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል።

አሮጊቷ የገዛሁትን አይብ በወረቀት ጠቀለሉልኝ። በፕላስቲክ ከታሰረ ያልበውና አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል።