እንቁጣጣሽና የትምህርት ቤቱ ዓርማ

በጎጃም ከዳር እስከ ዳር ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ እንኳን አደረሳችሁ! ዘመኑ ተዘግተው የከረሙ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ደወላቸው የሚሰማበት ይሁንላችሁ።

መስከረም ሲጠባ ጮቄ አደይ ይለብሳል፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ዓርማ ግን ክረምቱ ልጦትና አዝጎት ይቆያል። ያን ጊዜ ቀለም ቀቢ ይጠራል፣ ጥፋቱም እዚህ ይጀምራል። ቀቢው ከደበዘዘው ሥዕል በዓይኑ ገምቶ ይስላል፤ በሚመጣው ዓመት ሌላው የእሱን ይገለብጣል። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ዓርማው ላይ ያለው ችቦ ችቦ መምሰሉ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዋናውን ሥዕል በወርድም በቁመትም 10 በ10 አድርጋችሁ በመስመር ከፋፍሉት። በሩ ላይ 1 ሜትር የሚሆን ከሆነ አንዱ አራት ማዕዘን 10 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ቀቢው አንድ በአንድ ይሞላዋል።

ላሜራው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱ እስኪለቅ ይፈተግ። ጤዛው ሲደርቅ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ዝገት የሚከላከለው ቀለም (አንቲረስት) ይቀባ፤ አድሮ ዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ሳሳ ተደርጎ ይደገም። አንዴ ወፍሮ የተቀባ ይጨማደዳል፣ እርጥበት ላይ የተቀባም በቀጣዩ ክረምት ይላጣል።

ስለ ምልክቱ ግን ጠበቅ አድርገን የምንለው አለን። መጽሐፍና ችቦ የትም አለ። ጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶቹ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ አገር ነው፤ ለትምህርት ቤት ዓርማ ከቆሎ ተማሪው አኮፋዳ፣ ከቁራሽ መያዣው፣ የበለጠ ምን ይገኛል? ቁራሹን ለምኖ፣ ውሻ ጮኾበት፣ ቅኔ ይቆጥር የነበረው ልጅ ዕቃ ነው። ሰከላ ያለ ትምህርት ቤት ግሽ ዓባይን፣ አዊ ያለው ፈረስን ቢያስገባ ያምርበታል። ብቻ ከሦስት ነገር አይለፍ፤ ያው ዓርማ 4 ሳንቲ ሜትር በሆነ ማኅተም ላይ ሲገባ ቀጫጭን መስመሮቹ በቀለም ይደፈናሉ።

በዓመተ ምሕረቱም ተጠንቀቁ። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በፈረንጅ 1963 ነው። አንዱ በበሩ፣ ሌላው በማኅተሙ ላይ ቢጻፍ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ልደት ይኖረዋል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» አይቅር።

ለትምህርት ቤቱ ባንዲራ 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ፊደል አታስገቡበት፤ በአንድ በኩል የታተመ ጽሑፍ በጀርባው ተገልብጦ ይታያል። ሁለት ጨርቅ ቢደረብ ደግሞ ይከብድና ቀለል ባለ ነፋስ አይውለበለብም። ሥዕሉ ብቻ መሐል ላይ ይሁን። በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ጎን ሲሰቀል አይብለጠው፣ ከፍም አይበል፤ ሰቃዮቹም ገመዱን ከመሳባቸው በፊት አረንጓዴው ከላይ መሆኑን ይዩ። ዝናብ የነካው ባንዲራ እርጥቡን አይታጠፍ፦ ይሻግታል፣ ቀዩም ቢጫው ላይ ይለቃል።

ዋናው ሥዕል ከነቀለሞቹ ስም በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂም ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይኑር።