እግዚአብሔር በማልታ ባሕር ላይ ያደረገልኝ

በመጀመሪያ ስሙ ይመስገን። ይህን ስጽፍ ሆዴ አሁንም ይባባል። ነገሩ ከተዘበራረቀብኝ ይቅር በሉኝ።

የምኖረው ካታኒያ፣ ሲሲሊ ነው። የአሠሪዬን የሲኞራዬን አሮጊት እናት እንከባከባለሁ። ሲኞራዬና ባለቤታቸው ደግ ሰዎች ናቸው፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። ባለቤታቸው፣ ሲኞሬ የምላቸው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሐሳባቸው ሁሉ የሸራ ጀልባቸው ነው። ባለፈው ጥቅምት አሮጊቷን ሌላዋ ልጃቸው ወሰደቻቸውና "ልጄ፣ አንቺም ትንሽ እረፊ። ማልታን በጀልባ እናሳይሽ" አሉኝ።

ለሌላ ሰው ትልቅ ደስታ ነው። ለእኔ ግን ያ ባሕር የወንድሜ መቃብር ነው።

ታናሽ ወንድሜ በሊቢያ በኩል ሲሻገር ቀረ። የመጨረሻ ስልኩ ከትሪፖሊ ነበር። ከዚያ ዓመታት ጠበቅን። ምንም።

ሳልደብቅ ልናገር፤ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ነጠላዬን አጣፋለሁ፣ አፌ ግን አይጸልይም። "ጴጥሮስን እጁን ይዘህ ከማዕበል አወጣኸው። የእኔ ወንድም ምን አደረገህ?" እለው ነበር። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና "ፍትሐት ይደረግለት" ስትል እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። "መጀመሪያ ሬሳውን ይመልስልኝ" ብዬ።

ታዲያ ለምን እሺ አልሽ ትሉኛላችሁ። ባሕሩን ፊት ለፊት ላየው ፈልጌ መሰለኝ። ጣሊያንም ማልታም ሼንገን ውስጥ ስለሆኑ ፓስፖርቴና የመኖሪያ ፈቃዴ ይበቁኛል። በሲሲሊ ደቡብ ዳርቻ ካለችው ከማሪና ዲ ራጉዛ አመሻሽ ላይ ተነሣን። እስከ ማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ 55 የባሕር ማይል ያህል ነው። ሌሊቱን ሄደን ጎህ ሲቀድ ልንገባ ነበር።

እኩለ ሌሊት ገደማ ነፋሱ ተለወጠ። ትንበያው በማግስቱ ከሰዓት ይመጣል ያለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ቀድሞ መጣ። ማልታዎች ግሪጋል ይሉታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ በቅዱስ ጳውሎስ መርከብ ላይ የወረደው አውራቂስ ይኸው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። የማውቀው ጀልባዋ በጎኗ ስትተኛና ውኃው እግሬ ሥር ሲገባ ብቻ ነው።

ሲኞሬ ሸራውን አሳጠሩና ሞተሩን አስነሡ። ትንሽ ሄደ። ከዚያ ጓ ጓ ብሎ ጸጥ አለ። በባትሪ ወደ ውኃው ሲያበሩ ወፍራም ገመድ ከኋላችን ይጎተታል፤ ጫፉ ላይ የዘንባባ ቅጠል ታስሯል። በመከር ወራት ማልታዎች ላምፑኪ የሚሉትን ዓሣ የሚያጠምዱት እንዲህ ነው፤ ዘንባባውን ውኃ ላይ ያንሳፍፉታል፣ ዓሣው ጥላው ሥር ይሰበሰባል። አንዱ ተበጥሶ ሲንሳፈፍ ፕሮፔለራችን ላይ ተጠምጥሟል። በዚያ ሞገድ ጠልቆ የሚቆርጠው ሰው የለም።

ነፋሱ የሚገፋን ወደ ማልታ ዓለት ነው። ያለ ሞተር በጨለማ ወደ ወደብ መጠጋት ሞት ነው አሉ ሲኞሬ። ስለዚህ ገና ከባሕሩ ዳር ርቀን ሳለን ትንሿን ሸራ በተቃራኒው ወጥረው መሪውን አሰሩት። ጀልባዋ መሮጧን ትታ ቀስ እያለች ሞገዱን ትቀበል ጀመር። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው። የጳውሎስም መርከበኞች መልሕቅ ጥለው ቀን እንዲሆን ተመኙ ይላል።

በሬዲዮ ያለንበትን ተናገሩ። እዚህ ላይ ሳላመሰግን አላልፍም። ከማልታ በኩል የመለሰልን ሰው ስሙን አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ በየጊዜው ጠራን። ድምፁ ሲመጣ ሲኞራዬ እጄን ጭምቅ ያደርጉ ነበር። አምላክ ውለታውን ይክፈለው።

እኔ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሼ፣ በቀበቶ ከጀልባዋ ጋር ታስሬ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። አፌ ውስጥ ጨው ነው። አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ መብራቱን ደርድሮ በአጠገባችን አለፈ፤ ያየንም አልመሰለኝም። ያኔ ወንድሜን አሰብኩት። እሱ ጃኬት ነበረው? በስሙ የሚጠራው ሬዲዮ ነበር? በዚህ ጨለማ ማንን ጠራ?

ማተቤን ይዤ ጮህኩ። ጸሎት አይባልም፣ ጠብ ነበር። "አንዱን ወስደሃል! እናቴን ሁለተኛ አታስለቅሳት! ለእኔ ብለህ አይደለም፣ ለእሷ ብለህ!" አልኩት። ስጮህ ስጮህ እንባዬ መጣ። ለዓመታት አንድ ጠብታ ያልወጣኝ ሰው ተንሰቀሰቅሁ። ከዚያ ሳላስበው "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያልኩ ነበር። ደጋግሜ፣ ደጋግሜ። ሲኞራዬ በጣሊያንኛ የራሳቸውን ይላሉ፣ እኔ በግዕዝ። "መንገድህ በባሕር ውስጥ ነው" የሚለው የዳዊት ቃል ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እየፈራሁም ቢሆን አንድ ነገር ገባኝ፤ ወንድሜ ብቻውን አልነበረም።

ሊነጋ ሲል ነፋሱ ሰበር አለ። ዝም አላለም፣ ግን በረደ። ጠዋት ላይ ወጥመዶቹን ሊያይ የወጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አየንና መጣ። ገመድ ወረወረልን። ሲኞሬ በሬዲዮ ለወደቡ ተናግረው፣ በጥንቱ ምሽግ ሥር አልፈን ከቫሌታ ማዶ እስካለችው እስከ ቢርጉ ድረስ ጎትቶ አስገባን። ገንዘብ ቢሰጡት እምቢ አለ። ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ፤ እየተንቀጠቀጥኩ ስለነበር። የሐዋርያት ሥራ 28 ላይ የደሴቲቱ ሰዎች ስለ ብርዱ እሳት አንድደው እነ ጳውሎስን እንደተቀበሉ ተጽፏል። እኔም በዚያው ደሴት እንዲሁ ተደረገልኝ።

ለእናቴ ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ "ምን ሆነሻል?" አለች። "ደኅና ነኝ እማዬ። ፍትሐቱን አስደርጊለት" አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ እልል አለች።

በማግስቱ ቫሌታ ውስጥ ባለችው የጳውሎስ የመርከብ መሰበር ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ተንበረከክሁ። የሐዋርያው የእጅ አንጓ አጥንት እዚያ እንዳለ ነገሩኝ። ለምን እኔ ዳንኩ፣ ለምን እሱ ቀረ፤ መልሱን አልነገረኝም። ጠየቅሁት ግን፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ልጅ።

አሁን የወንድሜን የክርስትና ስም ለካህኑ ሰጥቻለሁ፣ በየቅዳሴው ይነሣል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ እናንተም በጸሎታችሁ አስቡት። እንደ እሱ በዚያ ባሕር የቀሩትን ሁሉ፣ የሚጠብቋቸውንም እናቶች።