የተሰነጠቀው ማኒፎልድና የአረቄ ምድጃ አመድ

የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ነው ድምፁን የሰማሁት። ጠክ ጠክ ጠክ። ነዳጅ ስሰጥ ይፈጥናል፣ እግሬን ሳነሣ ይዘገያል። መኪናዋ ከአጎቴ የወረስኋት ላንድሮቨር ሲሪስ ሦስት ናት፤ ሞተሯ ባለ 2286 ሲሲ ቤንዚን። መጀመሪያ የቫልቭ ድምፅ መስሎኝ ነበር። ደጀን ደርሼ ኮፋኖውን ስከፍት ግን በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቱቦው በሚያስገባው ብረት)፣ ወደ ኋለኛው ሲሊንደር በኩል፣ ጥቀርሻ እንደ ኩል ተስቦ አየሁ። እናቴ ከጎኔ ሆና ገደሉን ስንወጣ ሁሉ «ራሴን ወጋኝ» ስትል የመንገዱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ የሚሸተን አብሮት የሚወጣው ሌላው ጭስ ነው። ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የደብረ ማርቆስ መንገድ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን በብርድ ተጓዝን።

ጥቀርሻው ጭሱ የወጣበትን ያሳያል እንጂ ስንጥቁ የት እንደሚያልቅ አይናገርም። አስተማሪ ነኝና ጠመኔ አላጣም። ማኒፎልዱን ካወረድሁ በኋላ በብረት ብሩሽ አጸዳሁት፣ ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ ጥቂት ቆይቼ በጨርቅ አደረቅሁትና የጠመኔ ዱቄት ነሰነስሁበት። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ሲወጣ ቀጭን እርጥብ መስመር ሠራ። በዓይን ሳየው አራት ሴንቲ ሜትር የመሰለኝ ሰባት ሆኖ ተገኘ።

ማውረዱ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚታለፍ አልነበረም። የዚህች መኪና ብሎን በኢንች የተሠራ ነው። ዳዶው፣ ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ማሰሪያ፣ የግማሽ ኢንች ቁልፍ ይፈልጋል፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር፤ እኔ ያለኝ 13 ቁጥር ነው። ገባልኝ፣ የያዘም መሰለኝ። በዚያች 0.3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሁለት ዳዶዎች ማዕዘናቸው ተልጦ ክብ ሆኑ። ትክክለኛውን ቁልፍ ተውሼ ስመለስ ቀሪዎቹ ዝገው አልንቀሳቀስ አሉ፤ ያዳነኝ ሰም ነው። (ጎጃም ውስጥ ሰም ሲባል ቅኔ ይታሰባል፤ እኔ የማወራው ከቀፎ ስለሚወጣው ነው።) ካርቡራተሩንና የቤንዚኑን ቱቦ አስቀድሜ አውርጄ ከአካባቢው አራቅሁ፣ ዳዶውን በጋዝ እሳት እስኪቀላ አሞቅሁት፣ ቅላቱ ሲጠፋ ሰሙን አስነካሁት። ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ይሰርጋል። ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ መፍታት ነው።

ከዚያ ቸኮልሁ። የበርና የመስኮት ብረት ወደሚበይድ ልጅ ዘንድ ወስጄ «ቶሎ በልልኝ» አልሁት። በተራ ኤሌክትሮድ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ሰፋው፤ እንዲበርድልኝ ውሃ ያስፈሰስሁበት ደግሞ እኔው ነኝ። ቤት ሳልደርስ ጧ አለ። ከብየዳው ጎን፣ ትይዩ ሆኖ፣ አዲስ ስንጥቅ።

ብዙ ዘመን የጭነት መኪና ሲበይዱ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ይዤው ስሄድ ገለበጡት፣ አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ታፈሳለህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሰነጠቃል እንጂ።»

«ታዲያ ይኸስ ከምጣድ በምን ይሻላል?»

ማኒፎልድ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ነው የሚሠራው፤ በጋራዥ ቋንቋ ጊዛ። በውስጡ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለ። በድንገት ሲቀዘቅዝ የብየዳው ዳር እንደ ብርጭቆ ይጠነክርና ጎረቤቱ ሲሳሳብ ይሰበራል። ጋሼ የድሮውን ብየዳ ጠርገው አወጡት። በስንጥቆቹ ጫፎች ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሱ፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ መሮጡን ያቆማልና። መስመሩን እንደ ቦይ ከፈቱት። ማኒፎልዱን በሙሉ ከሰል ላይ አስቀምጠው የውሃ ጠብታ ሲነካው ተንከባሎ እስኪጠፋ አሞቁት። ከዚያ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት የኒኬል ኤሌክትሮድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበይዳሉ፣ ወዲያው በትንሽ መዶሻ ቀጥቀጥ ያደርጉታል፣ ያቆማሉ። ደግሞ ከሌላው ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር። መዶሻው ሊሳሳብ የሚፈልገውን ብየዳ መልሶ ይዘረጋዋል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እርሳቸው ትንባሆ ይጠቀልላሉ።

አመዱን የሰጡኝ አረቄ የሚያወጡ ጎረቤቴ ናቸው። በርሜል ሙሉ ደረቅ አመድ ስጠይቃቸው «ምነው፣ ድፎ ልትጋግር ነው?» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ከምድጃው ትኩሱን አመድ ከታች፣ ማኒፎልዱን ከመካከል፣ ሌላ ትኩስ አመድ ከላይ አድርገን ቀስ ብሎ እንዲበርድ ቀበርነው። በማግስቱ ጠዋት ሳወጣው ገና ለብ ይል ነበር። በጋዝና በጠመኔ ደግሜ ፈተንሁት፤ መስመር አልወጣም።

ገጹ አለመጣመሙን ለማየት መስታወት ላይ ሳስቀምጠው አንዱ ጫፍ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ተነሥቶ አገኘሁ። ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ሁለት ምሽት ፈተግሁት፤ ድካሙ ግማሹ ከንቱ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ እርስ በርስ ታስረው በአንድ ገጽ ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዱን ብቻ ስፈትገው ሌላው ከፍ ብሎ ቀረ። ሁለቱን አስሬ አንድ ላይ እንደገና ፈተግሁ። ስገጥማቸውም መጀመሪያ ሁለቱን አላልቼ አያያዝሁ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ከመካከል ወደ ዳር እያልሁ አጠበቅሁ፣ እርስ በርስ የሚያያዙበትን ብሎን በመጨረሻ። የዳሮቹን ዳዶዎች አንቆ ማጥበቅ አያስፈልግም፤ ግማሽ ሜትር የሚሆን ጊዛ 500 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ መሄጃ ይፈልጋል። ዳዶዎቹን በነሐስ ለወጥሁ። ለሚቀጥለው ፈቺ ሰም አያስፈልገውም።

ስንጥቁ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ማርሚታውን፣ የጭስ ቱቦውን ድምፅ ማፈኛ፣ ስመልስ ነው። ማንጠልጠያ ጎማው ከተበጠሰ ሁለት ዓመት ሆኖት በሽቦ አስሬው ነበር። ሽቦው ላልቶ የቱቦው ክብደት ሁሉ በማኒፎልዱ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ እያንዳንዱ የዓባይ ጠመዝማዛ ይወዘውዘዋል። አዲስ ጎማ አስገባሁ። ሞተሩ ሞቆ ከበረደ በኋላ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ደግሜ አጠበቅሁና እስከ ዓባይ ወርጄ ወጣሁ። ጠክታው የለም። እናቴ ግን እስካሁን መስኮቱን አታስዘጋኝም።