ያው እግር፣ ለሦስተኛ ጊዜ

«ወራጅ አለ» አልኩ። ታክሲው ቆመ። ወረድኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ኮብልስቶን ላይ ቁጭ ብዬ ግራ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ተረፍክ?» ሲለኝ ነው።

ኳስ ሜዳ ላይ ቢሆን ደግ ነበር። ተጠልፌ ነው፣ ጎል ላገባ ስል ነው ምናምን እያሉ ማጋነን ይቻላል። ከታክሲ ስወርድ ግን ምን ይባላል? አንዲት ድንጋይ ከጎረቤቶቿ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ነበር፣ እኔ ረገጥኳት፣ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አለቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ያው እግር።

ለካ ከመጀመሪያውም አልዳነም ነበር። ሕመሙ ነው የሄደው።

የመጀመሪያው ወለምታ የደረሰብኝ የቅዳሜ ጠዋት ኳስ ላይ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር (ልጆች የምለው ከልማድ ነው፣ ግማሾቻችን አርባን ተሻግረናል) ሜዳ በሰዓት ተከራይተን እንጫወታለን። ኳስ በጭንቅላት ለመምታት ዘልዬ ስወርድ የሰው እግር ላይ አረፍኩ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማታውን ቁርጭምጭሚቴ ብርቱካን አከለ፣ በሦስተኛው ቀን እስከ ጣቶቼ ድረስ በለዘ።

እንደማንኛውም ሰው ወጌሻ ጋ ሄድኩ። የሰፈራችን ወጌሻ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። እግሬን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ አውራ ጣታቸውን ቅቤ አስነኩ፣ «ጅማትህ ዞሯል ልጄ፣ እንዳትንፈራገጥ» አሉና ጀመሩ። አልዋሽም፣ ጮህኩ። ባለቤቴ ውጭ ቆማ ስትስቅ ይሰማኛል። ሲጨርሱ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩልኝ፣ ሒሳቡን ስጠይቃቸው «ደስ ያለህን» አሉ።

ወጌሻ ለመስደብ አይደለም ይሄን የምጽፈው። የእማማ አውራ ጣት የት እንደሚያመኝ ሳልነግራቸው ነው ያገኘው፤ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ፊት ለፊት፣ በውጭ በኩል። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ጅማት ያለው እዚያው ቦታ ላይ እንደሆነ በኋላ ነው የተማርኩት። የኳስ ቡድኖቻችንም ባለሙያቸውን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገና ትኩስ የሆነ እብጠት ማሸት ውስጥ ውስጡን የሚፈሰውን ደም ያባብሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ በጣት ብቻ ሁልጊዜ አይታወቅም፣ ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ እንጨትና ጨርቅም ደም አግዶ እጅ ወይም እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ወሬ አይደለም፣ የአገራችን ሐኪሞች በተለይ በሕፃናት ላይ ደጋግመው ያዩትና የጻፉበት ነገር ነው። ከታሰረ በኋላ ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ነገ እሄዳለሁ አይባልም። ያኔውኑ ይፈታል፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ይኬዳል።

ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ኦታዋ፣ ካናዳ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀላል መመዘኛ አለ። ከቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የወጡትን ሁለት አጥንቶች ታውቃላችሁ። ወለም ካላችሁ በኋላ የእነሱ የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፣ ወይም በተጎዳችሁበት ሰዓትም ሐኪም ጋ ስትደርሱም አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ራጅ ተነሱ። ከቁርጭምጭሚቱ ወረድ ብሎ ላሉት አጥንቶችም የራሱ ነጥቦች አሉት፤ እሱን ለሐኪሙ ልተወው። እኔ እያነከስኩም ቢሆን ተራምጄ ነበር።

በሁለት ሳምንት እብጠቱ ጎደለ። በሦስተኛው ሳምንት ታኬታዬን አሰርኩ። አንድ ጓደኛችን አለ፣ ሁሌ የኃይሌን ነገር የሚያነሳ። «ሲድኒ ላይ ኃይሌ ታሞ አይደል እንዴ የሮጠው?» ይለናል፣ አንዳችን አመመኝ ባልን ቁጥር። እውነቱን ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ኃይሌ የተረከዙ ጅማት ተጎድቶ ነው የገባው፣ ፖል ቴርጋትንም በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። ጓደኛዬ የማይጨምረው ከዚያ በኋላ ኃይሌ ቀዶ ሕክምና መግባቱን ነው። ደሞ እኛ የምንጫወተው ለኦሊምፒክ ወርቅ ሳይሆን ለተሸናፊ ቡድን የቁርስ ሒሳብ ነው። የሆነው ሆኖ ገባሁ፣ ተጫወትኩ፣ በአምስተኛው ወር እንደገና ወለም አለኝ። ከዚያ ታክሲው መጣ።

ለሦስተኛው ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። እንደሚያሹኝ፣ ኤሌክትሪክ ምናምን እንደሚያስሩልኝ ጠብቄ ነበር። ባለሙያዋ ወጣት ልጅ ናት። እግሬን ለአፍታ ጫን ጫን አድርጋ አየችና «ይነሱ እስቲ፣ በቀኝ እግርዎ ይቁሙ» አለችኝ። ቆምኩ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።» ጨፈንኩ፤ ትንሽ ተወዛወዝኩ፣ ሃያ ምናምን ሰከንድ ቆየሁ። «አሁን በግራ።» ዓይኔ ተገልጦ እያለ እንኳ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ጀሪካን ውሃ ይናጣል። ስጨፍን ሦስት ሰከንድ አልሞላሁም፣ መጋረጃውን ይዤ ነው የተረፍኩት።

አላፌዘችብኝም። ጅማት ገመድ ብቻ አይደለም አለችኝ። እግር አሁን ወዴት እንዳዘነበለ ለአንጎል ወሬ የሚያቀብሉ የነርቭ ጫፎች አሉበት፤ ጅማቱ ሲጎዳ ወሬ አቀባዩም ይጎዳል። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚወርዱ ጡንቻዎች አሉ፣ ሥራቸው እግር ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲጀምር ቶሎ ብለው ወደ ውጭ መመለስ ነው። ወሬው ከዘገየ እነሱም ይዘገያሉ። «የእርስዎ እግር ዜናውን የሚሰማው ከወደቁ በኋላ ነው» አለች። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ወለም ያለው ሰው ካልሠራበት ያው እግሩ ደግሞ የሚከዳው።

የሰጠችኝ ነገር አሰልቺ ነው። ላስውበው አልችልም። ጠዋትና ማታ ጥርስ ስፋቅ በግራ እግር መቆም። ሠላሳ ሰከንድ ሲቀለኝ የታጠፈ ጋቢ ላይ መቆም፣ እሱም ሲቀል ዓይን መጨፈን። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ማንሳትና ማውረድ፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ መጀመሪያ በሁለቱም እግር፣ ከዚያ በአንዱ። አወራረዱ ላይ መቸኮል ክልክል ነው፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው። ለውጭዎቹ ጡንቻዎች ደግሞ በላስቲክ እግርን ወደ ውጭ መሳብ። ላስቲኩን ስጠይቅ ዋጋው አላማረኝም፣ ከጎሚስታ ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ለምኜ ቆርጬ አሰርኩት፣ ከሶፋው እግር ጋር። ይሠራል። ሳሎኑ ጎማ ጎማ መሽተቱን ባለቤቴ እስካሁን አልረሳችልኝም።

እረፍትስ? በረዶስ? ብዬ ጠይቄአት ነበር። ሁላችንም ያደግነው «እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» በሚለው ነው። ይሄን ምክር በ1978 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው አሜሪካዊው ዶክተር ጌብ ሚርኪን ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን እሱ ራሱ በረዶውም ፍጹም እረፍቱም ፈውሱን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ ተመለሰበት። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፣ ለመጀመሪያው ቀን ችግር የለውም አለች ልጅቷ። ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ መተኛት ግን ጡንቻውን ያከሳል እንጂ ጅማቱን አያጠነክርም። አጥንት ካልተሰበረ፣ ሕመሙ በፈቀደው ልክ ቶሎ መርገጥ ይሻላል።

ሜዳ መቼ ልመለስ? «ሳያምዎት ሲቀር» ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በግራ እግሬ ብቻ ወደፊትና ወደ ጎን እንድዘል፣ ከቀኙ ጋር እኩል እስክዘል ነው ያለችኝ። ሕመሙ በሦስተኛው ሳምንት ጠፍቶ ነበር። ዝላዩ እኩል የሆነው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። የስምንት ሳምንት ልዩነት! ቀድሞ ሁለት ጊዜ የተመለስኩት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነበር ማለት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስጫወት የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ አድርግ አለችኝ፣ በተለይ ቀድሞ ለተጎዳ ሰው ይጠቅማል።

ማሟሟቅን በተመለከተ ራሴን ነው የምወቅሰው። የእኛ ማሟሟቅ ማለት ሁለት ሰው ቲሸርት እስኪለብስ ጎል ላይ መለጋት ነው። ፊፋ 11+ የሚባል፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ 15 እንቅስቃሴ ያለው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፤ ሩጫ፣ የሆድና የጭን ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር መቆም፣ አስተካክሎ መዝለልና ማረፍ። ኖርዌይ ውስጥ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከሠሩት ዘንድ አጠቃላይ ጉዳቱ በሲሶ ገደማ ያነሰ ነበር። መሣሪያ አይፈልግም፣ ኳስና ሜዳ ይበቃል። ለቡድናችን ላኩት። አንዱ የሳቅ ምልክት መለሰ፣ ሌሎቹ አይተው ዝም አሉ።

እኔ አሁን ቅዳሜ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ሜዳው በር ላይ ነኝ። ሌሎቹ 1 ሰዓት አልፎ ነው የሚመጡት። ዘበኛው መጀመሪያ ሰሞን በአንድ እግሬ ቆሜ ሲያየኝ «ስለት ነው እንዴ ጋሼ?» ብሎኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ እሱም በአንድ እግሩ ቆመ። አርባ ሰከንድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጎማ ጫማ። የኔ ግራ ሃያ ሁለት ላይ ነው።