ሃርለም፦ ዘጠኝ ሆኖ ሄዶ ስምንት ሆኖ መጫወት

ሆላንድ ውስጥ ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሃርለም ከተማ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ባቡር ነው። ባቡሩ ግን ስሎተርዳይክ ጣቢያ ላይ ያስቀይራል፤ 12 ልጅ፣ 12 ቦርሳና ሁለት ከረጢት ኳስ ይዞ ባቡር መቀየርን ለማንም አልመክርም። 300 ቁጥር አውቶቡስ ከማረፊያው ደጃፍ ተነስቶ ሳያስቀይር ያደርሳል። ሲሳፈሩ የባንክ ካርድ ማስነካት፣ ሲወርዱም ደግሞ ማስነካት ነው። አንድ ካርድ የሚያሳፍረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባት በራሱ ካርድ ልጁንም ላሳፍር ብሎ ሁለተኛ ጊዜ ሲያስነካ ማሽኑ «ወረደ» ብሎ ይመዘግበዋል። ለልጆቹ ለየብቻ ትኬት መያዝ ያስፈልጋል።

ጉዞው ከሜሪላንድ ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ12 በታች የሆኑ ልጆችን ቡድን ይዘን ለፋሲካ ውድድር። ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የእኛም የሆላንዶቹም ፋሲካ አንድ ቀን ላይ ውሏል። ሆላንድ ውስጥ የፋሲካ ማግስት ሰኞም በዓል ስለሆነ የታዳጊዎች ውድድር በዚህ ሰሞንና በጰራቅሊጦስ ሰሞን ይበዛል። ከቡድናችን ገሚሱ የሀበሻ ልጆች ናቸው። ወላጆቹ «ኳስ» ይላሉ፣ ልጆቹ «ሶከር» ይላሉ፣ አስተናጋጆቻችን «ፉትባል» ይላሉ። የስሙን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ፤ አስቀድሞ ሜዳው።

የሆላንድ የልጆች ሜዳ በሂሳብ የተሠራ ነው። ከ11 ዓመት በታችና ከ12 ዓመት በታች ያሉት («ኦንደር 11» እና «ኦንደር 12» የሚሏቸው) ስምንት ለስምንት ይጫወታሉ። ሜዳቸው 64 በ42.5 ሜትር ሲሆን የሚዘረጋው በትልቁ ሜዳ አግድም ነው፤ የአዋቂዎቹ ሜዳ ስፋት ለልጆቹ ርዝመት ይሆናል። ከእነሱ የሚያንሱት፣ ከኦንደር 8 እስከ ኦንደር 10፣ ስድስት ለስድስት በ42.5 በ30 ሜትር ላይ ናቸው። ሁለት የ30 ሜትር ሜዳ ጎን ለጎን ሲቀመጥ 60 ይሆንና መሐላቸው 4 ሜትር መተላለፊያ ይተርፋል። እዚያች 4 ሜትር ላይ አሠልጣኞቹና ተቀያሪዎቹ ይቆማሉ። በዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ሜዳ አራት ትንንሽ ሜዳ ይወጣዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሜዳ ላይ 48 ልጅ በአራት ኳስ ይሯሯጣል። የመጨረሻዎቹ ትንንሾች አራት ለአራት በ30 በ20 ሜትር ላይ ናቸው፣ በረኛም የላቸውም። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ የሚጀመረው በኦንደር 13 ነው። ዛይስት ከተማ የተቀመጠው ፌዴሬሽናቸው፣ በ1889 የተመሠረተው ካ ኤን ፌ ቤ (ይህና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ይህን አደረጃጀት ማስገባት የጀመረው በ2017/18 የውድድር ዘመን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰው ሲያንስ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ የሚነካበት ጊዜ ይበዛል፣ መደበቂያም አያገኝም።

አሜሪካም በ2017 የራሷን ደረጃ አውጥታለች፤ ቁጥሮቹ ግን አይገጥሙም። እዚያ 4፣ 7፣ 9፣ ከዚያ 11 ነው። ስለዚህ ከ12 በታች ያለ የአሜሪካ ቡድን ዘጠኝ ሆኖ ተለማምዶ ሄዶ ስምንት ሆኖ ይሰለፋል። ጎሉም ይጠብባል፦ የአሜሪካው ዘጠኝ ለዘጠኝ ጎል ወደ 5.64 ሜትር ስፋት ሲኖረው የሆላንዱ 5 በ2 ሜትር ነው። በሁለቱ ቋሚዎች መሐል ከስልሳ ሴንቲ ሜትር በላይ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ቤቱ ጥግ የሚገባለት ምት እዚህ ቋሚ ይመታል ወይም ይወጣል።

አንዱን ማን ላይ እንቀንስ የሚለው ነው ከባዱ። በ3-2-3 የለመደ ቡድን ብዙ ጊዜ አጥቂ ይቀንሳል። ይህ ስሕተት ነው። ሆላንዶቹ በብዛት የሚሰለፉት በ3-1-3 ነው፤ ሁለት የመስመር አጥቂ የጎኑን መስመር ተጠግተው ይቆማሉ፣ መሐል ያለው አንድ ልጅ ሜዳውን ሁሉ ያያል። ሁለት አጥቂ ብቻ ይዞ የገባ ቡድን ሦስቱ ተከላካዮቻቸው እንዳሻቸው ኳስ እንዲያንሸራሸሩ ይፈቅድላቸዋል። መቀነስ ያለበት ከመሐል ሁለቱ አንዱ ነው። ያ የቀረው ልጅ ደግሞ ጉልበታሙ ሳይሆን ኳስ ከመድረሱ በፊት ትከሻው ላይ ዞሮ የሚያየው መሆን አለበት።

ሌላው የሚያደናግር ነገር የእጅ ውርወራ አለመኖሩ ነው። በስድስትም በስምንትም ጨዋታ ኳስ በጎን ስትወጣ ልጁ መስመሩ ላይ ያስቀምጣትና ወይ እየገፋ ይገባል ወይ ያቀብላል፤ ባላጋራ 5 ሜትር ይርቃል። ከአሜሪካ የሄደ ልጅ እንደ ልማዱ ኳሷን በእጁ ያነሳና ሁለት እግሩን ገጥሞ ጓደኛ ሲፈልግ፣ የሆላንዱ ልጅ ቢሆን ኖሮ አሥር ሜትር ገፍቶ ነበር። መፍትሔው ከመሄድ በፊት ሁለት ሳምንት ልምምድ ላይ ውርወራን ጨርሶ መከልከል ነው። ሲለምዱት ደግሞ ያን 5 ሜትር ለአብዶ ይጠቀሙበታል፤ ፊቱ ክፍት የሆነለት ልጅ ሌላ ምን ያደርጋል።

በመደበኛው ሊግ ግማሹ 30 ደቂቃ ሆኖ መሐሉ ላይ፣ 15ኛው ደቂቃ ላይ፣ አጭር እረፍት አለ፤ አሠልጣኙ የሚናገረው ያኔ ነው። በበዓል ውድድር ግን ጨዋታው ያጥራል፣ በቀን ብዙ ጨዋታም ይኖራል። ስለዚህ በእረፍት ላነቃቸው ብሎ ንግግሩን ያጠራቀመ አሠልጣኝ ፊሽካው ይቀድመዋል።

ትንንሾቹ ጋ የደረጃ ሰንጠረዥ አይለጠፍም። የስድስት ለስድስቱን ጨዋታ የሚመራውም ሜዳ ውስጥ የሚሮጥ ዳኛ ሳይሆን ከመስመር ውጭ የሚቆም ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ወላጅ። በብዙ ክለብ ከጨዋታው በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ተራ በተራ ሪጎሬ ይመታል። ወላጆቻችን ግራ የተጋቡት እዚህ ላይ ነው፤ «ታዲያ ማን አሸነፈ?» ልጆቹ ግን ያውቃሉ፣ ጎል የሚቆጥር ልጅ በየትም አገር አይጠፋም።

ወረቀቱን ቀለል አድርጎ የሄደ ይቸገራል። የአሜሪካ ቡድን ውጭ አገር ለመጫወት በግዛቱ ማኅበር በኩል የጉዞ ፈቃድ ያወጣል፤ ወላጁ አብሮት የማይሄድ ልጅ ደግሞ የሁለቱም ወላጆች ፊርማ ያለበት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ የድንበር ፖሊሶች ስኪፖል ላይ ይጠይቃሉ። ከ2026/27 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ችግር ይመጣል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ማኅበራት የዕድሜ መቁጠሪያውን ከጥር 1 ወደ ነሐሴ 1 (በፈረንጅ) መልሰዋል፤ ሆላንድ በልደት ዓመት እንደጸናች ነች። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወሮች የተወለደ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ከ12 በታች ሆኖ ሳለ ሆላንድ ላይ ኦንደር 13 ይሆናል፣ ኦንደር 13 ደግሞ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ስም ዝርዝር ከመላክ በፊት የልደት ቀን አንድ በአንድ መታየት አለበት።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ብዙ አይደለም። ብዙ ሜዳዎች ሰው ሠራሽ ሳር ናቸው፤ የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ ብዙ ክለብ ይከለክላል፣ አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ይሻላል። የቅልጥም መከላከያ ግዴታ ነው። ፎጣና ነጠላ ጫማ አትርሱ፦ የሆላንድ ልጆች ከጨዋታ በኋላ በቡድን ሻወር ይወስዳሉ፤ የእኛዎቹ ላባቸው እንደደረቀ መኪና ውስጥ መግባት ነው የለመዱት።

ከዚያ ሁሉም ወደ ካንቲን ይገባል። የክለቡ ልብ እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን የትኛው ቡድን በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሜዳ፣ በስንተኛው መልበሻ ክፍል እንደሆነ ያሳያል። ባንኮኒው ኋላ የቆመችው ሴት ተቀጣሪ አይደለችም፤ ዛሬ ተራዋ የደረሰ እናት ናት። ማልያ አጠባም፣ ልጆችን በመኪና ማመላለስም፣ ፊሽካ መንፋትም በተራ ነው። ጠፍጣፋ ዳቦ መሐል አይብ ተደርጎ የሚጠበሰው ቶስቲ፣ ድንች ጥብስ፣ ለልጆች ራንያ የሚሉት ስኳር ውኃ። ስቅለት ዓርብ ለልምምድ ስንገባ የጾሙት እናቶች ያለ ማዮኔዝ ድንች አዝዘው ዘይቱ ከምን እንደሆነ አስጠየቁ፤ የአትክልት ነው ተባለ።

ሃርለም የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባት እዚያው አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። «ወንድሜ፣ ልጅ ማስመዝገቡ ቀላል ነው፤ ከባዱ ቅዳሜ በጠዋት ተነስቶ ለመቶ ሰው ቡና ማፍላት ነው» አለ። ገንዘብ ለሚያጥረው ቤተሰብ የወጣቶች የስፖርትና የባህል ፈንድ የሚባል አለ፤ ብዙ ጊዜ ወላጁ ራሱ አያመለክትም፣ በአስተማሪ ወይም በማኅበራዊ ሠራተኛ በኩል ይቀርባል፣ ክፍያውም በቀጥታ ለክለቡ ይገባል። አዲስ የመጣ ሀበሻ ይህን ሳያውቅ ልጁን ቤት የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከክለብ ክለብ እየዞረ ለሚጫወት ልጅ በዓመት በሺዎች ዶላር ለሚከፍል ወላጅ ደግሞ ነገሩ ተረት ይመስለዋል፤ ቡና አፍላ ቢሉት ግን ስንቱ እሺ እንደሚል እንጃ።

አሁን ወደ ስሙ። ሃርለም የተመረጠችው ለውድድሩ ብትሆንም «ሶከር» ወይስ «ፉትቦል» ለሚለው ክርክር ከእሷ የተሻለ ቦታ የለም። የአገሩ አንጋፋ የሚባለው ክለብ ኮኒንክላይከ ኤች ኤፍ ሲ እዚህ ነው፤ የምሥረታ ዓመቴ ብሎ የሚያከብረው 1879ን ሲሆን መሥራቹ ፒም ሙሊየር ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። መሐል ያለችው «ኤፍ» ፉትቦል ነች፣ በእንግሊዝኛው። ነገር ግን ልጆቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይጫወቱ የነበረው ራግቢ ነው፤ ዛሬ እግር ኳስ ወደምንለው የተሻገሩት በ1883 ነው። ማለትም በሆላንድ አንጋፋ የእግር ኳስ ክለብ ስም ውስጥ ያለው «ፉትቦል» መጀመሪያ ላይ ኳስ በብብት ይዞ መሮጥ ነበር።

ያን ጊዜ እንግሊዝም ውስጥ ሁለት ፉትቦል ነበር። በ1863 የተመሠረተው ማኅበር የሚመራው «አሶሲዬሽን ፉትቦል»፣ ሌላው ራግቢ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቃል ቆርጠው ጫፉ ላይ «ኧር» መቀጠል ይወዱ ነበርና ራግቢን «ራገር»፣ አሶሲዬሽንን ከመሐል ቆርጠው «ሶከር» አሉት። ስለዚህ ሶከርን አሜሪካኖች ፈጠሩት ብሎ የሚያሾፍ እንግሊዛዊ የአያቱን ቃል ነው የሚሰድበው፤ እነሱው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ያለ ሐፍረት ይጠቀሙበት ነበር። ቃሉ አሜሪካ ውስጥ የቆየው የራሳቸው ፉትቦል ስሙን ስለያዘው ነው። ፌዴሬሽኑ እንኳ በ1913 ሲመሠረት «ፉትቦል አሶሲዬሽን» ነበር፣ በ1945 «ሶከር ፉትቦል» የሚል ድርብ ስም ያዘ፣ «ፉትቦል»ን ጨርሶ የጣለው በ1974 ነው። አውስትራሊያ በተቃራኒው ሄዳ በ2005 የፌዴሬሽኗን ስም ከሶከር ወደ ፉትቦል ለወጠች፤ ብሔራዊ ቡድኗን ግን ዛሬም «ሶከሩስ» ትለዋለች። ሆላንድ ውስጥ ራግቢ ቀድሞ ስለተሸነፈ «ፉትባል» የሚለውን የሚቀናቀነው አልተገኘም።

የእኛም «እግር ኳስ» ከ«ፉትባል» ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። ጣልያኖች ጨዋታውን «ካልቾ» ሲሉት እኛ ካልቾን ወስደን ለምቱ ብቻ አደረግነው፤ ታኬታና ቴስታንም ከዚያው ሰፈር አምጥተን።

ክርክሩ ገንዘብ የሚያስከፍልበት አንድ ቦታ አለ። አውሮፓ ያለ ዘመድ «የፉትቦል ጫማ ላክልኝ» ሲል አሜሪካ ያለው ሱቅ ገብቶ በዚያው ቃል ከጠየቀ የሚሰጠው የአሜሪካን ፉትቦል ጫማ ነው፤ ከአውራ ጣቱ ፊት አንድ ተጨማሪ ጥርስ አለው። ያ ጥርስ ኳስ ሲመታ ሣሩን ይይዛል፣ ባላጋራንም ያቆስላል፤ ብዙ የልጆች ሊግ አያስገባውም። ገልብጦ ጫፉን ማየት ነው፤ ፊት ለፊት መሐል ላይ ጥርስ ካለ ይመለስ።

ሜዳ ላይ ስሙን የሚጠራው የለም። የሆላንድ ልጆች ሲጫወቱ ከሚጮኹት ሁለቱን ቃል የእኛዎቹ በአንድ ቀን ለመዱ። «ቴይት» ጊዜ ማለት ነው፣ ማንም አልቀረበህም፣ ዙር። «ሩኽ» ደግሞ ጀርባ፤ ከኋላህ ሰው አለ። ሰኞ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ አንዲት እናት ከመስመር ዳር «ጀርባህን!» ብላ ስትጮህ የእሷ ልጅ ኳሷን በአንድ ንክኪ ለቀቀ፤ አጠገቡ የነበረው ሆላንዳዊ አሠልጣኝ ምን እንዳለችው ጠየቀኝ። «ሩኽ» አልኩት።