ዐይኑ የጠፋው ማር

ይህን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። አንድ ሰው ቀደም ብሎ «አንተ ሰውዬ፣ ተው» ቢለኝ ኖሮ 1,800 ብርና አንድ ሙሉ ከሰዓት የፈሰሰ ላብ ይተርፈኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የቋንቋ ክበቡም የሚመራው በእኔ ነው። ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. የሰየመው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 14 ይውላል። ሌላ ጊዜ ግጥም እናነባለን፣ ጭውውት እንሠራለን፣ ዳቦ ቆርሰን እንበተናለን። ያን ዓመት ግን ለየት ያለ ነገር አማረኝ። አንድ አጭር ቃል መርጬ በሌሎች ቋንቋዎች ምን ምን ማለት እንደሆነ በትልቅ ባነር ላሳይ አልኩ።

ቃሉን ለመምረጥ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጎጃም ተቀምጦ ከማር ሌላ ምን ይመረጣል?

ትርጉሞቹን መሰብሰብም ቀላል ነበር። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ የለም። ፋርሶች ማር ሲሉ እባብ ማለታቸው ነው። ኩርዶችም እንዲሁ። በስፓኒሽና በፖርቱጋልኛ ማር ባሕር ነው፣ ከላቲኑ ማሬ የመጣ። በሂንዲ «ማር!» ካሉህ «ምታ!» ማለት ነው። በሃንጋሪኛ «ይነክሳል»። በእንግሊዝኛ ማበላሸት፣ ማጉደፍ። በአይሪሽ «እንደ»። በሱርስት፣ ማለትም በጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ «ጌታዬ» ማለት ሲሆን ለቅዱሳንና ለጳጳሳት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ዕብራይስጡ ነው። እኛ ጣፋጭ የምንለውን ቃል እነሱ መራራ ይሉበታል። በዘጸአት ምዕራፍ 15 እስራኤላውያን ውኃው መሮባቸው ቦታውን ማራ ያሉት፣ ኑኃሚንም ባሏንና ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ «ማራ በሉኝ» ያለችው ለዚህ ነው።

ተማሪዎቹ አበዱ። አንዱ ልጅ የክፍሉን ልጅ «ማሬ» ሲላት ከኋላ ሌላው «በፋርስኛ እባቤ አላት!» ብሎ ጮኸ። ያ ቀልድ እስከ ሰኔ ድረስ አልሞተም። አንዱ ደግሞ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ደብረ ማርቆስ ማለት የማር ተራራ ማለት ነው?» አለኝ። ሳቅሁበት። ማርቆስ የሮማውያን ስም እንደሆነ፣ ማርስ ከሚባለው የጦርነት አምላካቸው ጋር እንደሚያያዝ፣ ከተማዋም በፊት መንቆረር ትባል እንደነበር በኩራት አስረዳሁት። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል። ከሳምንት በኋላ እሱ ያደረገውን ስሕተት በሦስት ሜትር ባነር ያሳተምኩት እኔ ነኝ።

ዝርዝሩ ላይ ብቆም ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር። ግን ዝርዝር ደረቅ ነው ብዬ ዛፍ መሣል አማረኝ። ከታች ሥሩ ላይ «ማር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቅርንጫፍ አወጣሁ። ማር ጣፋጭ ነው። ምሕረትም ጣፋጭ ነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ማር!» እንላለንና። ትምህርትም ጣፋጭ ነው፣ «ተማር ልጄ» ይባላልና። የጥንቱ መንፈሳዊ ጸሐፊ ማር ይስሐቅም ንግግሩ እንደ ማር ስለሚጣፍጥ ነው እንዲህ የተባለው። ይህን የመጨረሻውን ከየትም አላነበብኩትም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ራሴ ፈጠርኩትና በጣም አማረኝ።

ረቂቁን ለማሳየት ሄድኩ። ባነር ከመታተሙ በፊት ሱፐርቫይዘር አይቶ መፈረም አለበት ተባለ። ሰውየው ወረቀቱን እንደ ፈተና አረመው። ስለ ዛፉ አንድም ቃል አልተናገረም። የማርን የግዕዝ አጻጻፍ «መዓር» አጠፋና «መአር» ብሎ ጻፈ። «ምሕረት» የሚለውን «ምህረት» አደረገው። «ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞክሼ ፊደላት አታብዛ፣ ተማሪ ይደናገራል። አንድ ድምፅ ለአንድ ፊደል» አለኝ። ፈረመ፣ ማኅተም መታ።

እዚህ ላይ በእሱ ብቻ መፍረድ አልችልም። ፊደሎቹን ከመዝገበ ቃላት ስገለብጥ ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ለምን በዚያ ፊደል እንደተጻፉ አላውቅም ነበር። ስለማላውቅም መከራከር አልቻልኩም። «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ። አሁንም ሳስበው የሚያናድደኝ ይህ «እሺ ጌታዬ» ነው።

ባነሩ ታተመ። ተሰቀለ። ቀለሙ ያምር ነበር።

በዕለቱ ከወላጆች መካከል አንድ የቅኔ መምህር ተገኝተው ነበር። የልጅ ልጃቸው እኛ ጋ ይማራል። ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ገለጻዬን ጨርሼ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። እኒህ ሰው ቀስ ብለው ተነሡ። ባነሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መምህር፣ ይህ ማር ዐይኑ የት ሄደ?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደግሞ አዝኜ «የኔታ፣ ፊደሉ አንሶብዎት ይሆናል፣ ቀረብ ይበሉ» ብዬ ወንበራቸውን ራሴ ይዤ ወደ ባነሩ አስጠጋሁላቸው።

«እኔስ ዐይን አለኝ» አሉ። «የታወረው ማሩ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ሆዴን ቁርጠት እስኪይዘኝ ድረስ ገባኝ። ዐይኑ ዐ! የሚጠይቁኝ ስለ ፊደሉ ነው። ስለ እይታ የሚያወሩ መስሎኝ ወንበር ተሸክሜያለሁ።

«አየህ ልጄ» አሉ፣ ከመምህርነት ወደ ልጅነት አወረዱኝ፣ «ንብ የምትሠራው በዐይኑ ዐ ነው፣ መዓር። ይቅር ማለት በሐመሩ ሐ ነው፣ መሐረ። ምሕረት ከዚያ ይወጣል። ማስተማር በሀሌታው ሀ ነው፣ መሀረ። መምህር ከዚያ ይወጣል፣ አንተም የተጠራኸው በእሱ ነው። ሦስት ጎረቤቶች ነበሩ። አጥራቸውን አፍርሳችሁ አንድ ቤት አስገባችኋቸው። ከዚያ ወንድማማች ናቸው ብላችሁ ዛፍ ተከላችሁላቸው።»

ከዚያ ግስ እንዳረባላቸው ጠየቁኝ። በተማሪዎቼ ፊት። መሀረንና መሐረን ለየብቻ። እንኳን ላረባ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ዋሸራና ደብረ ኤልያስ ባሉበት አገር፣ ቅኔ በሚዘረፍበት አገር፣ የአማርኛ መምህር ሆኜ።

ማር ይስሐቅንም አልማሩኝም። የመጻሕፍተ መነኮሳትን ትርጓሜ የተማረ ሰው «ማር» የሱርስት የክብር ስም እንደሆነ ከሕፃንነቱ ያውቃል አሉ። «ንግግራቸው ይጣፍጣል፣ እውነት ነው። ግን ንብ አልሠራቸውም።» ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ይስሐቅ በሰባተኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ የነበሩ፣ «ሶርያዊው» የሚባሉ አባት መሆናቸውን አንብቤ ነበር። አንብቤ፣ ዐውቄ፣ ለዛፉ ስል አለፍኩት።

ሱፐርቫይዘሩስ? ሁለተኛ ረድፍ ላይ ነበር። ስልኩን ያይ ነበር። ሲወጣ በሩ ላይ ያዝኩትና «ያረምከው አንተ ነህ» አልኩት። «እሳቸው ባህላዊ ናቸው፣ የእኛ ሳይንሳዊ ነው» አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ። የፈረመበትን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሳይንሱ የቆመው ከየኔታ ጋር ነው። ይህን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አማርኛ እነዚያን የጉሮሮ ድምፆች በጊዜ ብዛት ጣላቸው። መዓር ማር ሆነ፣ መሐረ ማረ ሆነ። ትግርኛ ግን ዐይኑን አልጣለም፣ ዛሬም መዓር ይላል። ማመን ያቃተው ሰው አንድ ትግርኛ ተናጋሪ ጋ ሄዶ «ማር በቋንቋህ ምንድነው?» ይበለው። ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ድምፅ በጆሮው ይሰማዋል። ለእኔ ይህ ከአሥር ገጽ ማብራሪያ በልጦብኛል። ፊደሉ ጌጥ አይደለም፣ የጠፋ ድምፅ መቃብር ነው።

ሌላው ያቃጠለኝ ነገር ዕብራይስጡ ነው። «የእኛ ማር ጣፈጠ፣ የእነሱ ማር መረረ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ነበር። እውነተኛው የዕብራይስጡ ማር ወንድም እኛ ቤት አለ። መረረ ነው። መራራ ነው። ዐረቦችም ሙር ይላሉ። ከማር ጋር አንድም የሚያገናኘው ነገር የለም። እህት ወንድሙን ትቼ ከባዳ ጋር አጋባሁት።

ባዶ እጄን ግን አልወጣሁም። ያ ሁሉ ውርደት አንድ ዕንቁ አለው። የሱርስቱ ማር ለሴት ሲሆን ማርታ ይሆናል። እመቤት ማለት ነው። ክፍሌ ውስጥ ሦስት ማርታዎች ነበሩ። ይህን ስነግራቸው ለአንድ ሳምንት መቀመጫ ልቀቁልን እያሉ አስቸገሩ።

አሁን ይህን ሥራ ሊሞክር ለሚነሣ ሰው የምለውን ልበል። በሞክሼ ፊደላት ላይ ቢሮ የሚለውን አትስሙ። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ እንደፈለጋችሁ ጻፉ። እኔም ለልጄ የስልክ መልእክት ስጽፍ ስለ ሐመሩ ሐ አልጨነቅም። የቃል ምንጭ ስትፈልጉ ግን አንዱን ፊደል በሌላው መተካት የአባትን ስም መቀየር ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948) እና የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1962) ሳትከፍቱ ስለ አማርኛ ቃል ምንጭ አፋችሁን አትክፈቱ። ስልክ ላይ ያለው መተርጎሚያ ለዚህ አይሆንም። የሮማንያውን ፖም «ማር» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። አንዷ ተማሪዬ ድምፁን ከፍታ ሰምታ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ መር ነው የሚለው» ባትለኝ ኖሮ እሱም ይታተም ነበር።

ዛፍ አትሣሉ። ይህን ደግሜ እላለሁ። በዓለም ላይ ከሰባት ሺህ በላይ ቋንቋ አለ። ሁለት ተነባቢና አንድ አናባቢ ያለው ቃል፣ ያውም በ«ም» እና በ«ር»፣ በብዙዎቹ ውስጥ መገኘቱ አይቀርም። የሰው አፍ አንድ ነው። ዝምድና ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው። የእንግሊዞች ሚድ የማር ጠጅ ነው። የሩሲያው ሚዮድ፣ የሳንስክሪቱ ማዱ የእሱ ዘመዶች ናቸው። የቻይናው ሚ እንኳ ቶካሪኛ ከሚባል ከጠፋ የዚያው ቤተሰብ ቋንቋ የተወሰደ ነው። ሲታዩ አይመሳሰሉም፣ ደማቸው ግን አንድ ነው። የእኛ ማርና የፋርሱ ማር ደግሞ መንታ ይመስላሉ፣ አይተዋወቁም።

እና ከማሳተማችሁ በፊት ሽማግሌውን አማክሩ። እኔ አንድ ኪሎ ነጭ ማር ይዤ የኔታ ቤት የሄድኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማሩን ተቀብለው ቀመሱት። «ይህኛው ዐይን አለው» አሉ።

በዓመቱ ሌላ ሰሌዳ ሠራን፣ በኮምፖርሳቶ ላይ በእጅ ቀለም። ዛፍ የለውም። ሦስቱ ፊደላት፣ ዐ፣ ሐ፣ ሀ፣ በቀይ ተጽፈዋል። ማንም አልፈረመበትም። አላስፈረምኩም።

የቀድሞውን ባነር ልጥለው ነበር። እናቴ ማቻከል ናት፣ ንብ አላት። ዝናብ አያስገባም ብላ ወሰደችውና ቆራርጣ ቀፎ አለበሰችው። ባለፈው ኅዳር ማር ሊቆረጥ ሲል ሄድኩ። «መአር» የሚለው ቁራጭ ፊት ለፊት ወጥቶ፣ ንቦቹ በሥሩ ይገባሉ ይወጣሉ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም።

«ይኼ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ማር ይላል።»

«ኧረ! ታዲያ ለቀፎ ነዋ የተጻፈው» አለችና ጭሱን ልታመጣ ሄደች።